ሮም ለአንድ ቀን፣ በእግር፣ ከእናቴ ጋር፦ ምን ልተው?

ስቶክሆልሜ

ሰላም ቤቶች። ምክር ፈልጌ ነው።

እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጥታ ሁለት ወር ከእኔ ጋር ከረመች። አሁን ልትመለስ ነው። ትኬቷ በሮም በኩል ስለሆነ እስከዚያ ልሸኛት ወሰንኩ። ማክሰኞ ማታ እንገባለን፤ ሐሙስ ትበራለች። በመሃል ያለችን ረቡዕ ብቻ ናት።

እማዬ 68 ዓመቷ ነው። ጤናዋ ደህና ነው። ችግሩ ሌላ ነው፤ ሜትሮ አትገባም። ስቶክሆልምም አልገባችም። «ሳልሞት መሬት ውስጥ ምን ልሠራ እወርዳለሁ?» ነው መልሷ። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ በእግር ነው። ማረፊያችን ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ነው።

ዝርዝር አወጣሁ። 19 ቦታ ሆነ። ምን ልተው?

ሮማዊት

እናትሽን እንኳን ደህና መጡ በይልኝ። እኔ ሮም ከገባሁ 19 ዓመቴ ነው። አረጋውያን እየተንከባከብኩ ነው የምኖረው።

19 ቦታ በአንድ ቀን ጉብኝት አይባልም፣ ፖስታ ማደል ነው። ስድስት ይበቃሻል።

ረቡዕ ጠዋት ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ እንዳትሄጂ። ረቡዕ ጳጳሱ ሕዝቡን የሚያገኙበት ቀን ነው። እስከ እኩለ ቀን ድረስ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ አያስገቡም። እናትሽን ፀሐይ ላይ ታቆሚያቸዋለሽ። ከሰዓት፣ እንዲያውም ወደ 10 ሰዓት ገደማ ሂጂ። (ሰዓቱን በሀበሻ ነው የምጽፈው። 19 ዓመት ሙሉ አልለቀቀኝም።)

ኮሎሲየም ውስጥ አትግቢ። ይህን ስል የሚቆጣ እንደሚኖር አውቃለሁ። ቲኬቱ 18 ዩሮ ነው፣ በስም ነው የሚቆረጠው፣ መታወቂያ ያያሉ፣ የመግቢያ ሰዓት ይሰጡሻል። ሰዓቱ ደግሞ ቀንሽን ለሁለት ይቆርጠዋል። ከውጭ ዞሮ ማየት ነጻ ነው። ያምራልም።

ከቤተ ክርስቲያኖቹ ብዙዎቹ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት ይዘጋሉ። ትልልቆቹ ብቻ ናቸው ክፍት የሚውሉት።

ውሃ አትግዢ። መንገድ ዳር አጫጭር የብረት ቧንቧዎች ታያለሽ፤ ቀንና ሌሊት ይፈስሳሉ። «ናዞኒ» ይሏቸዋል፣ ትልልቅ አፍንጫ እንደማለት ነው። በከተማው ወደ 2,500 ያህል አሉ። የታችኛውን አፍ በጣትሽ ስትደፍኚው ውሃው ከላይ ባለችው ቀዳዳ ሽቅብ ይፈናጠቃል። ጎንበስ ሳትዪ ትጠጫለሽ። እናትሽ ይወዱታል።

ቡና ቆመሽ ጠጪ። ይህን አደራ።

ቀጥታ ተናጋሪ

ሮም ድረስ ሄዶ ኮሎሲየምን ከውጭ? ላሊበላ ሄዶ ጣሪያውን አይቶ እንደመመለስ ነው። እኔ ብሆን ጠዋት ኮሎሲየም፣ ከሰዓት የቫቲካን ሙዚየም። ሌላው ትርፍ ነው።

ሮማዊት

ወንድሜ፣ ሙዚየሙ ብቻውን ቀኑን ይበላዋል። እሷ የያዘችው የ68 ዓመት እናቷን ነው እንጂ የትምህርት ቤት ጉዞ አይደለም።

ሽማግሌው

ልጄ፣ እኔ ሮም የገባሁት በ1973 ዓ.ም. በስደት ነው። አሁን ቶሮንቶ ነኝ። አንድ ነገር ልንገርሽ።

ከኮሎሲየም ወደ ደቡብ አሥር ደቂቃ ያህል ብትሄዱ ፒያሳ ዲ ፖርታ ካፔና የሚባል ቦታ ትደርሳላችሁ። የአክሱም ሐውልት ቆሞ የነበረው እዚያ ነው። ጣሊያኖች በ1937 እ.ኤ.አ. አምጥተው ተከሉት። ርዝመቱ 24 ሜትር፣ ክብደቱ ወደ 160 ቶን። ከበስተኋላው ያለው ትልቅ ነጭ ሕንፃ ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ነው፤ ፋኦ የሚሉት። ሲታሰብ ግን ለጣሊያን የአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች ሚኒስቴር ተብሎ ነበር።

እኛ ስደተኞቹ እሑድ እሑድ እዚያ እንገናኝ ነበር። ስልክ የለም። «ሐውልቱ ጋ» ከተባለ አለቀ። መኪናው ዙሪያውን ይተራመሳል፣ ጭስ ነው። እኔ አክሱም ሄጄ አላውቅም፤ ሐውልቱን መጀመሪያ ያየሁት ሮም ነው። ሰው እስኪመጣ ድረስ የተቀረጹትን መስኮቶች ከታች ወደ ላይ እቆጥር ነበር። አንገቴ ሲደክመኝ እንደገና ከታች።

አሁን የለም፤ አገሩ ገብቷል። ቢሆንም እናትሽን ውሰጃቸው።

ቀጥታ ተናጋሪ

ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የሌለ ነገር ለማየት ነው የሚሄዱት? ሐውልቱን ማየት የፈለገ አክሱም ይሂድ። የሮም ቀን ለሮም ይሁን።

ሽማግሌው

ይሁን ልጄ።

ካቻቢቴ

ቋንቋ አትፍሪ። አባቴ መርካቶ ጋራዥ ነበረው፣ እኔም እዚያው ቅባት ውስጥ ነው ያደግሁት። ሮም ስሄድ አንድ ቃል ጣሊያንኛ አላውቅም ብዬ ነበር። ለካ ግማሹ የጋራዣችን ቋንቋ ነው! ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ጎማ፣ ቡሎን። ከአንድ ብስክሌት ጠጋኝ ሽማግሌ ጋር በእነዚህ ቃላት ብቻ ሩብ ሰዓት ተጫወትን። መፍቻውን አቀበልኩት፣ ቡና ጋበዘኝ።

አንቺም ፉርኖ፣ ሳልሳ፣ ፒያሳ ታውቂያለሽ። ይበቃል። ማኪያቶ ስትዪ ብቻ ተጠንቀቂ። የኛው ማኪያቶ አይመጣልሽም።

ስቶክሆልሜ (ከ11 ቀን በኋላ)

ተመለስኩ። እማዬም በሰላም ገብታለች። እጽፋለሁ ብዬ ነበርና ይኸው። ረጅም ነው፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡ።

መጀመሪያ ቅሬታ። ይህን ሁሉ ምክር ስትሰጡኝ ስለ ጫማ አንድ ሰው አልተነፈሰም! ለመንገዱ ብዬ አዲስ ጫማ ገዛሁ። የሮም መሃል ከተማ ጥቁር ኮብልስቶን ነው፤ «ሳምፒየትሪኒ» ይሉታል። ከላይ የለሰለሰ፣ መሃል ለመሃሉ ግን ክፍተት ያለው ድንጋይ ነው። እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ተረከዜ ተላጠ። እማዬ እንጦጦ ማርያም የምትወጣበትን የድሮ ሸራ ጫማዋን አድርጋለች። ምንም አልሆነችም። ቀኑን ሙሉ «ቆይ ጠብቂኝ» ስል የዋልኩት እኔ ነኝ።

ሁለተኛው የረሳሁት ነገር ረቡዕ መሆኑ ነው። ረቡዕን ከጳጳሱ ጋር ብቻ አያይዤው፣ ጾም መሆኑ ከጭንቅላቴ ጠፋ። እማዬ እስከ 9 ሰዓት አትቀምስም። «መንገደኛ ነሽ እኮ» አልኳት። «መንገደኛማ ሁላችንም ነን» ብላ ነጠላዋን አስተካከለች። ክርክሩ እዚያ ላይ አበቃ።

ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ወጣን። ጣቢያው አጠገብ ባንኮኒው ላይ ቆሜ ማኪያቶ አዘዝኩ። ካቻቢቴ ልክ ነህ። ከኛ ሲኒ የምታንስ ስኒ መጣች። ጥቁር ቡና ነው፤ ላዩ ላይ የወተት አረፋ ጠብ ተደርጎበታል። እማዬ አንገቷን አስግጋ አየችና «ወተቱን ማን ጠጣው?» አለች።

ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለው ሰፊ አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኴቼንቶ ይባላል። የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ማለት ነው። እነማን መሰሏችሁ? በ1887 እ.ኤ.አ. ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር የደመሰሳቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። ሻንጣዬን እየጎተትኩ ማታ አልፌበታለሁ፣ ስሙንም ካርታ ላይ አንብቤዋለሁ፣ አንድም ነገር አልመጣልኝም። እዚያው ቅርብ ባለች መናፈሻ ውስጥ ለእነሱ መታሰቢያ የቆመ የግብፅ ሐውልት አለ። ድንጋዩ የዳግማዊ ራምሴስ ዘመን ነው። ሥሩ የሟቾቹ ስም ተጽፏል። አንድ ሰውዬ ጃኬቱን ተንተርሶ ተኝቶበታል።

«ስለ አሉላ የተጻፈ አለ?» አለች እማዬ። ዞሬ ፈለግሁ። አላገኘሁም።

ከዚያ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ። ለእናቴ የቀኑ ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል። በሩ ላይ ስንደርስ ጎንበስ አለችና ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች። ጠባቂው መጣ። «ሲኞራ፣ ኖ፣ ኖ» እያለ በእጁ አድርጊው አድርጊው ይላታል። እሷ ደግሞ በአማርኛ «አይ ልጄ፣ ቤተ ክርስቲያን ነው እኮ» ትለዋለች። ሁለቱም በጣም ትሁት ናቸው፣ ሁለቱም አይሸነፉም። በመጨረሻ እሱ ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ ፈገግ አለና ተዋት። ጫማዋን በፌስታል ይዛ በዚያ ቀዝቃዛ እብነ በረድ ላይ በካልሲ ሄደች።

ከዓምዶቹ በላይ የብሉይ ኪዳን ታሪክ በሞዛይክ ተሠርቷል፤ ከ5ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ያለ ነው። ሥዕሎቹ ትንንሽና ከፍ ያሉ ናቸው። እኔ መነጽሬን እየወለወልኩ ሳለሁ እማዬ ጣቷን ቀሰረች። «ሥላሴ በአብርሃም ቤት!» እውነትም ሦስቱ እንግዶች ናቸው፤ አብርሃም ይጋብዛቸዋል። ሳራ ስትጋግር ሁሉ አሳየችኝ። ከእኛ ሌላ እዚያ ግድም የነበሩት አስጎብኚ ይዘው ነበር። እኛም ይዘን ነበር ማለት ነው።

በ2025 እ.ኤ.አ. ያረፉት ጳጳስ ፍራንሲስም የተቀበሩት እዚያው ነው። መቃብራቸው ላይ ስማቸው በላቲን ተጽፏል፣ ከዚያ ሌላ ጽሑፍ የለም። እማዬ ቆማ ቆየች። «ይኸው ነው?» አለችኝ። ይኸው ነው።

ሳን ፒየትሮ ኢን ቪንኮሊ የሚባለው ዳገት ላይ ነው፣ ከመዘጋቱ በፊት ደረስን። ጴጥሮስ የታሰረበት ነው የሚባለው ሰንሰለት ከመሠዊያው ሥር በመስታወት ሣጥን ተቀምጧል። የማይክል አንጄሎ ሙሴም እዚያ ነው። ቀንድ አለው። ምክንያቱ የትርጉም ነገር ነው፤ ፊቱ አበራ የሚለው የዕብራይስጥ ቃል በላቲኑ መጽሐፍ ቅዱስ ቀንድ አወጣ ተብሎ ተተረጎመ። እማዬ ማብራሪያዬን ሰምታ ስታበቃ «የሚያርመው ሰው ጠፋ?» አለች።

ኮሎሲየም። ትልቅ ነው። ልክ እንደ ፎቶው ነው። በ80 እ.ኤ.አ. ነው የተመረቀው። ሰልፉን አየሁት፣ ሮማዊትን በልቤ አመሰገንኩ፣ አለፍን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ከኮሎሲየም አጠገብ የቆስጠንጢኖስ ቅስት አለ። አበበ ቢቂላ ማራቶኑን የጨረሰው እዚያ ነው። በ1960 እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10፤ በኛ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ ማለት ነው። ሩጫው ስታዲየም ውስጥ አልነበረም። አመሻሽ ላይ ካምፒዶሊዮ ከሚባለው ኮረብታ ደረጃ ሥር ተነሱ፤ ጨለማ ላይ እዚህ ጨረሱ። በአፒያ ጎዳና ላይ ወታደሮች ችቦ ይዘው ነበር የሚያበሩላቸው። መጨረሻው ላይ ከሞሮኮው ራዲ ጋር ሁለቱ ብቻ ቀሩ። የአክሱም ሐውልት ጋ ሲደርስ አበበ ፈትለክ አለ። ቦታውን ከስዊድናዊው አሠልጣኙ ከኦኒ ኒስካነን ጋር አስቀድመው መርጠውት ነበር። በ25 ሰከንድ ቀደመው።

ይህን ሁሉ ለእማዬ እየነገርኳት ቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮ በሚባለው ጎዳና እንሄዳለን። ዛፍ አለው፣ ነፋሻ ነው። ግድግዳው ላይ በ2010 እ.ኤ.አ. ለ50ኛ ዓመቱ የተሰቀለ የአበበ ሰሌዳ አለ። መጀመሪያ አልፈነው ሄድን። ተመለስን። እንደገና አለፍነው። በመጨረሻ እማዬ ነች ያየችው።

«እኔ እኮ ቀብሩ ላይ ነበርኩ» አለችኝ።

38 ዓመቴ ነው። ይህን ነግራኝ አታውቅም። በ1966 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ አበበ ሲሞት የ16 ዓመት ልጅ ነበረች። ከትምህርት ቤት ጠፍታ ቅዱስ ዮሴፍ ድረስ ሄደች። ጃንሆይም ነበሩ። ሰው ከመብዛቱ የተነሳ ያየችው የፊተኛዋን ሴትዮ ጀርባ ብቻ ነው። ጫማዋ አንዱ እዚያው ግፊያ ውስጥ ጠፋ፣ በባዶ እግሯ ቤት ገባች፣ አባቷ ገረፏት። «አበበም በባዶ እግሩ ነው የሮጠው ብዬ ልመልስላቸው አስቤ ነበር፤ አልደፈርኩም» አለች። ከዚያ እጇን ዘርግታ ሰሌዳውን እንደ ቤተ ክርስቲያን በር ተሳለመችው።

ፖርታ ካፔና ከዚያ ትንሽ ነው የሚርቀው። ቀጥታ ተናጋሪ፣ ልክ ነህ። ምንም የሚታይ የለም። መኪና፣ የትራፊክ መብራት፣ ሣር፣ የፋኦ ሕንፃ። ሁለት ትንንሽ የጥንት ዓምዶች ቆመዋል። ለሐውልቱ መስለውኝ ሮጬ ሄድኩ፤ የሴፕቴምበር 11 የኒው ዮርኩ ጥቃት መታሰቢያ ናቸው። «ታዲያ የቱ ጋ ነበር?» አለች እማዬ። እዚህ አካባቢ አልኳት፣ በእጄ ሰፊ ክብ እየሠራሁ።

ጥላ ፈልገን ተቀመጥን። ጫማዬን አወለቅሁ። እማዬ በ1997 ዓ.ም. አውሮፕላኑ አክሱም ሲያርፍ በቴሌቪዥን እንዳየች ነገረችኝ። እኔ ያኔ ስዊድን ገና መግባቴ ነበር፣ አላየሁትም። ሦስት ቦታ ተቆርጦ ነበር የመጣው። አሁን በ2000 ዓ.ም. ተተክሎ እዚያው ቆሟል። ከመነሣታችን በፊት ሰዓቴን ሳይ 40 ደቂቃ አልፏል። ከኮሎሲየሙ ይልቅ እዚህ ነው የቆየነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን አሳጥራለሁ። የጥንት ሠረገላ የሚሮጥበት ቺርኮ ማሲሞ ዛሬ ረጅም ሣር ነው፣ ውሻ የሚያናፍሱ ሰዎች ነበሩ። ካምፒዶሊዮ ላይ የሮማው ንጉሠ ነገሥት ማርቆስ አውሬሊዮስ ሐውልት ፈረስ ላይ ተቀምጧል፤ ውጭ ያለው ግልባጭ ነው፣ ዋናው ሙዚየም ውስጥ ነው። ፓንቴዮን የሚባለው የጥንት ሮማውያን ቤተ መቅደስ 5 ዩሮ ከፍለን ገባን። የማልቆጭበት 5 ዩሮ ነው። ጉልላቱ 43 ሜትር ከፍታ፣ 43 ሜትር ስፋት፤ አናቱ ላይ ወደ 9 ሜትር የሚሆን ክፍት ቀዳዳ። ዝናብ ቢዘንብ ይገባል። ወለሉ ላይ ውሃው የሚወርድባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። እማዬ ጣሪያውን ትታ ቀዳዳዎቹን ስትቆጥር አገኘኋት። ቤት ሠርታ የምታውቅ ሴት ናት፤ የጣሪያ ፍሳሽ ያስጨንቃታል።

ሮማዊት፣ አደራሽን በላሁ። እግሬ አላስቆም ሲለኝ እዚያ አካባቢ አንድ ካፌ ተቀመጥን። አንድ ቡና፣ አንድ ውሃ፣ 11 ዩሮ። ከዚያ በላይ አልናገርም።

9 ሰዓት ሲሞላ እማዬ ራሷ አስታወሰችኝ። «ፎርኖ» የሚል ቤት ገባን። የኛ ፉርኖ ቤት ማለት ነው። ሴትዮዋ ከትልቁ መጋገሪያ ላይ ፒዛ ሮሳ በመቀስ ቆርጣ መዝና ሰጠችን። አይብ የለው፣ ሥጋ የለው፤ ድፎ ላይ ሳልሳ በሉት። ለጾም የተሠራ ይመስላል። እማዬ በላችና «በርበሬ ቢኖረው» አለች፤ በልታ ግን ሁለተኛ አስጨመረች።

ቅዱስ ጴጥሮስ ወደ 10 ሰዓት ተኩል ደረስን። ሰልፉ ፈጣን ነበር። መግቢያው ነጻ ነው። ግን ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት። ሞቆኝ እጅጌ የሌለው ለብሼ ነበር። ዘበኛው እኔን አስቆመኝ፤ እናቴን በአክብሮት አሳለፋት። እማዬ ነጠላዋን አውልቃ አላበሰችኝ፣ ሌላ ነጠላ ደግሞ ከቦርሳዋ አወጣች! «እንደዚህ እንደምትሆኚ አውቅ ነበር» አለችኝ። ጠዋት ከሆቴል ስንወጣ ምንም አላለችም እኮ። ቀኑን ሙሉ ይዛው ዞራለች።

ስንመለስ አውቶቡስ ያዝን። አውቶቡስ ከመሬት በላይ ስለሆነ ይፈቀዳል። ስልኬ 13 ኪሎ ሜትር ቆጥሮልኛል።

ሯጩ

እህቴ አስለቀስሽኝ። አበበ 2:12 ገብቶ በባዶ እግሩ የዓለምን ሪከርድ የሰበረበትን መንገድ በእግር መሄድ መታደል ነው።

ካቻቢቴ

2:12 ቶኪዮ ነው ወንድሜ፣ በ1964 እ.ኤ.አ.፣ በጫማ። ሮም 2:15:16 ነው። እሱም ሪከርድ ነበር።

ሯጩ

ልክ ነህ፣ ሁለቱ ተምታተውብኝ ነው። የሮም ማራቶንን አንድ ቀን እሮጠዋለሁ ብያለሁ። በ2010 እ.ኤ.አ. ያሸነፈው ሲራጅ ገና የመጨረሻዎቹን 300 ሜትሮች ጫማውን አውልቆ ለአበበ መታሰቢያ በባዶ እግሩ ነው የገባው። እኔ የማወልቀው አይመስለኝም፣ የእህታችንን ተረከዝ ካነበብኩ በኋላ።

ሽማግሌው

ተባረኪ ልጄ። እናትሽን ሰላም በይልኝ። እኔም ያን የቀብር ቀን አስታውሳለሁ። እኛ ሰፈር ሱቅ ሁሉ ተዘግቶ ነበር።

የዶጋሊው ሐውልት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ዛሬ ለገሃር ያለው የይሁዳ አንበሳ በወረራው ዘመን ተወስዶ እዚያ ሥር ነበር የተቀመጠው። ዘርዓይ ደረስ በ1938 እ.ኤ.አ. የተነሣው እዚያ ነው። እናንተ ያያችሁት ሰውዬ የተኛበት ቦታ ማለት ነው።

የኮሎኙ ዲያቆን

ከቅዱስ ጴጥሮስ ጀርባ ያለችውን ቅዱስ እስጢፋኖስን አያችኋት? ሳንቶ ስቴፋኖ ዴሊ አቢሲኒ የሚሏት የሐበሾች ቤተ ክርስቲያን። በ15ኛው መቶ ዘመን ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት ተሰጠች።

ለእኔ ከሮም ሁሉ የምትበልጠው እሷ ናት። በማተሚያ የታተመው የመጀመሪያው የግዕዝ መጽሐፍ፣ መዝሙረ ዳዊት፣ በ1513 እ.ኤ.አ. ሮም ነው የወጣው። ያሳተመው ዮሐንስ ፖትከን የሚባል የእኛ ከተማ የኮሎኝ ሰው ነው፤ ሮም ላይ ከሐበሾች መነኮሳት ነው ፊደሉን የተማረው። ከዚያ በ1548 እና በ1549 የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን ግዕዙን ሐዲስ ኪዳን እዚያው አሳተሙ። ሌላ መቶ ዓመት ቆይቶ በ1649 ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር የተገናኘው ሮም ነው። አማርኛን በመዝገበ ቃላት ያየነው ከእነዚህ ሁለት ሰዎች ወዳጅነት በኋላ ነው።

ስቶክሆልሜ

ዲያቆን፣ ሞክረን ነበር። ግንቡ ዳር ቆሞ ለነበረ ዘበኛ በስልኬ ላይ ስሙን አሳየሁት። አያስገባም፣ የቫቲካን ግቢ ውስጥ ነው አለ። እማዬ ግን አቅጣጫውን ጠይቂው አለችኝ። በእጁ አመለከታት። ወደዚያ ዞራ ጸሎቷን አድርሳ መጣች። ዘበኛው ባርኔጣውን አውልቆ ጠበቃት።

ቀጥታ ተናጋሪ

40 ደቂቃ ባዶ ሣር ላይ! በ40 ደቂቃ ኮሎሲየምን አንደኛ ፎቅ ትዞሩት ነበር። ሐሳቤን አልቀይርም። የእናትሽን የጫማ ታሪክ ግን ለባለቤቴ አነበብኩላት። የትሬቪ ምንጭስ?

ስቶክሆልሜ

ማታ፣ ሄድን። ሰው በሰው ላይ ነው። እማዬ ሳንቲም ለምን እንደሚወረውሩ ጠየቀችኝ። ተመልሰው እንዲመጡ ነው አልኳት፤ ገንዘቡ ደግሞ ተሰብስቦ በካሪታስ በኩል ለድሆች ይውላል። «ታዲያ ደሃውን ለምን ውሃ ውስጥ ይከቱታል?» ብላ ሳንቲሟን ጥግ ላይ ለተቀመጠች ሴትዮ ሰጠቻት።

ሮማዊት

ስለ ጫማው ይቅርታ። እዚህ ስትኖሪ የተላጠ ተረከዝ ትረሺዋለሽ። እናትሽ ሲመለሱ በሐሙስ ይሁን። ሐሙስ ከሰዓት ብዙዎቻችን የቤት ሠራተኞች ዕረፍት ነን፣ ተርሚኒ አካባቢ እንገናኛለን። እንጀራ አለ። ጾም ካልሆነ ዶሮም።

ባለ ሦስት ልጅ

ሰላም፣ ዘግይቼ ነው ያየሁት። እኛም በታኅሣሥ ለሁለት ቀን እንሄዳለን። ትንሹ አንድ ዓመት ከመንፈቁ ነው። የልጅ ጋሪ ይዤ ልሂድ ወይስ?

ስቶክሆልሜ

ጎማው ትልቅ ካልሆነ አትያዢው። ኮብልስቶኑ ይነቅለዋል። ልጁን እዘዪው፤ ነጠላ ደግሞ ሁለት ያዢ።

ካቻቢቴ

ከተነቀለም የብስክሌት ጠጋኙን ሽማግሌ ፈልጊው። «ጎማ» በይው፣ ይገባዋል።